በአማርኛ እንዴት ልጠይቀው?

(ለሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት የፀረ ኤድስ ክበብ አባላት የተደረገ ንግግር)

የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚባል ከተማ ነው። የምተዳደረው ታክሲ በመንዳት ነው። ሐኪም አይደለሁም፣ አባት ነኝ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ልጄ ነው። «ስሜን ካልጠራህ ንገራቸው» ብሎ ፈቅዶልኛል።

ልጄ የተወለደው እዚያው ነው። 16 ዓመት ሲሞላው ልቡ የሚያዘነብለው ወደ ወንድ እንጂ ወደ ሴት እንዳልሆነ ነገረኝ። የነገረኝ በእንግሊዝኛ ነው። እኔ ደግሞ ቁም ነገር የማወራው በአማርኛ ነው። እስቲ አስቡት! ለዚህ ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማኋቸው ቃላት ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አንዱ የኩነኔ፣ ሌላው የመንገድ ላይ ስድብ። ልጄን በየትኛው ልጥራው? «የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ» የሚለውን ጋዜጣ ላይ አይቼዋለሁ፤ ግን እራት ላይ የተቀመጠን ልጅ እንደዚያ ብሎ የሚያናግር አባት የት አለ? ቃሉን ተውኩትና «ልጄ» አልኩት።

ወሬው ዘመድ ጋ ሲደርስ ስልኬ አላረፈም። «አገር ቤት ላከው፣ ጸበል ይጠመቅ» የሚለኝ በዛ። በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። እኔም አማኝ ነኝ፣ ጸሎቴን አላቋረጥኩም። ግን እዚህ አገር የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 እንዲህ ያለውን ግንኙነት በእስራት ይቀጣል። ልጄን ካደገበት ነቅዬ ቋንቋውን በቅጡ ወደማይችልበት፣ እስር ወደሚጠብቀው ቦታ ልላከው? አልላክሁትም።

እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1981 በሽታው ለመጀመሪያ ጊዜ በአሜሪካ የጤና ሪፖርት ላይ ሲወጣ የተገለጸው በሎስ አንጀለስ በታመሙ 5 ወጣት ወንዶች ላይ ነበር፤ ሁሉም ከወንድ ጋር ግንኙነት የነበራቸው ናቸው። ዛሬም በአሜሪካ በየዓመቱ አዲስ ከሚያዙት ከግማሽ በላይ እንደነሱ ያሉ ወንዶች ናቸው። በኢትዮጵያ ግን ቫይረሱ በብዛት የሚተላለፈው በወንድና በሴት መካከል በሚደረግ ግንኙነት ነው። ቫይረሱ ሰው አይመርጥም።

እና ሐኪም ጋ አብረን ሄድን። ሐኪሟ ምንም አልደበቀችም። በፊንጢጣ የሚደረግ ግንኙነት ያለ ኮንዶም ከሆነ ይበልጥ እንደሚያጋልጥ፣ ቫዝሊንና ዘይት የላቴክስ ኮንዶምን ስለሚያበላሹ በውሃ የተሠራ ማለስለሻ እንደሚያስፈልግ ነገረችው። ፕሬፕ ስለሚባለውም ኪኒን አስረዳችን፤ ቫይረሱ የሌለበት ሰው እንዳይያዝ አስቀድሞ የሚወስደው ነው። በአሜሪካ በ2012 ለአዋቂዎች፣ በ2018 ደግሞ ለታዳጊዎች ተፈቅዷል። ጨብጥንና ቂጥኝን ግን አይከላከልም። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ግድግዳው ላይ ያለውን የጉንፋን ክትባት ፖስተር ሳነብ ነበር። ሦስት ጊዜ ሳላነበው አልቀርም። ቢሆንም ከክፍሉ አልወጣሁም፣ የተባለውንም ሁሉ ሰማሁ።

እ.ኤ.አ. በ2009 በካሊፎርኒያ በ224 ወጣቶች ላይ የተደረገ አንድ ጥናት ታትሞ ነበር። እንደ ልጄ ሆነው ቤተሰባቸው በብርቱ የገፋቸው፣ እምብዛም ካልተገፉት ጋር ሲነጻጸሩ ራሳቸውን ለማጥፋት የመሞከራቸው ዕድል 8.4 እጥፍ፣ ጥንቃቄ የጎደለው ወሲብ የመፈጸማቸው ዕድል ደግሞ 3.4 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ምን ልበላችሁ፣ እነዚህን ቁጥሮች ካየሁ በኋላ የዘመድ ስልክ ማንሳት ቀነስኩ።

እናንተም በእረፍት ሰዓት ያንን ስድብ ለቀልድ ስትወራወሩ ጥግ ይዞ ዝም የሚል ልጅ ሊኖር ይችላል። እንዲህ ያለ ልጅ ነገ ለምርመራ ወደ ጤና ጣቢያ ሂድ ቢባል፣ ነርሷ የምትጠይቀውን ፈርቶ ይቀራል።

የታክሲ ሥራ አንድ ነገር አስተምሮኛል፤ ሰው ዓይን ለዓይን ካልተያየ ብዙ ያወራል። ስለዚህ ልጄን የማናግረው መኪና ውስጥ ነው። እኔ መንገዱን እያየሁ በአማርኛ እጠይቃለሁ፣ እሱ በመስኮት እያየ በተሰባበረ አማርኛ ይመልሳል።

«ተመርምረሃል ወይ?»

«አዎ አባዬ፣ በየሦስት ወሩ።»

«ኪኒኑንስ?»

«አልረሳም።»

«የምታውቀው ሰው አለ?»

እዚች ላይ ዝም ይላል፤ እኔም ሬዲዮ እከፍታለሁ። አሁን 18 ዓመቱ ነው፤ በቅርቡ ለኮሌጅ ሌላ ከተማ ይገባል። የሚቀጥለው ምርመራው ሐሙስ ነው፣ ከዚህ እደውልለታለሁ።