የእርጥበት መለኪያ በጨው ሲፈተን



የሲጋር ሣጥን ባለቤት መርፌው 70 ላይ መቆሙን አይቶ ልቡን ያሳርፋል። ዳሩ ግን መለኪያው 8 ነጥብ አሳንሶ የሚያሳይ ከሆነ፣ በሣጥኑ ውስጥ ያለው አንጻራዊ እርጥበት 78 በመቶ ገደማ ነው፤ በዚህ ሁኔታ የሰነበተ ቅጠል ይሻግታል። አብዝቶ የሚያሳይ ከሆነ ደግሞ ሲጋሩ ደርቆ መጠቅለያው ይሰነጠቃል።

ዳኛው የገበታ ጨው ነው። እርጥብ አሸዋ እስኪመስል ውሃ ጠብ የተደረገበት ጨው፣ በተከደነ ዕቃ ውስጥ ያለውን አየር በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 75 በመቶ ላይ ያቆመዋል። ጨው ሁሉ ሟሙቶ ካለቀ ግን ፈተናው ከንቱ ነው፤ ብዙዎችም የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። መለኪያው ጨውን ሳይነካ፣ ሙቀቱም ሳይለዋወጥ አንድ ቀን ሙሉ ይቆያል። በማግስቱ መርፌው 67 ላይ ቢገኝ፣ የጎደለው በብሎኑ ይስተካከላል፤ ብሎን ከሌለው ልዩነቱ በጀርባው ይጻፋል።

ሶሱር በ1783 እ.ኤ.አ. በመጽሐፉ የገለጸው ዓይነት የጸጉር መለኪያ በደረቅ አየር ከሰነበተ ልኩን ይስታል፤ ስለዚህ ከፈተናው በፊት በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ መቆየት ይገባዋል። በ75 የተገኘው እርማት ለ70 ቅርብ ስለሆነ ለሲጋር ይበቃል። ለ40 ግን ምስክር አይሆንም፤ ለዚያ 33 በመቶ ገደማ የሚሰጠው የማግኒዝየም ክሎራይድ ጨው ያስፈልጋል።