«እንዴት አደሩ?»፦ ከውትድርና ለተመለሱ ወገኖች በአእምሮ ጤና ቀውስ ጊዜ የሚሰጥ የመጀመሪያ ምላሽ



በ1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ሲወድቅ ከ400,000 በላይ የሠራዊቱ አባላት ከውትድርና ተሰናብተው ወደየቀያቸው ተመለሱ። ከእነዚህ አንዱ እዚሁ አሰላ ጎረቤታችን ነበሩ፤ መንደሩ «ሃምሳ አለቃ» ይላቸው ነበር። ሌሊት ሌሊት እየተነሡ አጥሩን ሲዞሩ ኮቴያቸው ይሰማናል። ጠዋት «እንዴት አደሩ?» ስንላቸው «እግዚአብሔር ይመስገን» ይሉናል፤ እናልፋለን። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጠፉ። አማርኛው «እንዴት አደሩ?»፣ ኦሮምኛው «አካም ቡልተን?» የሚጠይቁት ስለ ሌሊቱ ነው። እኛ ግን መልሱን አልጠበቅንም።

በ1983 ተሰናባቾቹን ለማቋቋም ኮሚሽን ተመሥርቶ ወደ ገጠር ለተመለሱት ቀለብ፣ ዘርና ማዳበሪያ ታድሏል። አስፈላጊ ነበር፤ ነገር ግን ማዳበሪያ እንቅልፍ አይመልስም። ጉዳዩ ያለፈ ታሪክም አይደለም። ከጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ የተቋቋመው የብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ የመመለስ ኃላፊነት ተሰጥቶታል።

ከጦር ሜዳ የተመለሰ ሁሉ ይታመማል ማለቴ አይደለም፤ አብዛኛው በቤተሰቡና በሥራው መካከል ያገግማል። በሌሎች ላይ ግን ቅዠቱ፣ መደንገጡና ከሰው መሸሹ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ይገለጣል። ይህ ሕመም እንጂ ፈሪነት አይደለም። «ወታደር አያለቅስም» የሚለው አስተሳሰብ ታማሚውን ዝም ያሰኘዋል።

ቀውሱ በጭላሎ ግርጌ ባለ መንደር እኩለ ሌሊት ቢነሣ፣ መጀመሪያ የሚደርሰው የአእምሮ ሐኪም አይደለም፤ ሚስት፣ ወንድም፣ ጎረቤት ነው፤ ሲነጋም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትደርስ ይሆናል። እነዚህ ሰዎች አራት ነገሮችን ሊያውቁ ይገባል።

አንደኛ፣ «ራስዎን ለማጥፋት አስበዋል?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ነው። ጥያቄው ሐሳቡን በሰውየው ውስጥ አይዘራም፤ ብዙ ጊዜ እፎይታ ይሰጣል። ሁለተኛ፣ ብቻውን አለመተው። ሦስተኛ፣ መጉጃውን ከአጠገቡ ማራቅ። መሣሪያን ሁሉም ያስባል፤ ስንዴና ገብስ በሚመረትበት በአርሲ ደጋ ግን የተባይና የአረም መድኃኒትም በየቤቱ አለና እርሱም ተቆልፎ ከቤት ይራቅ። አራተኛ፣ ወደ ጤና ተቋም አብሮ መሄድ፣ ከተመለሰም በኋላ ደጋግሞ መጠየቅ። ጠበልም ሆነ ዱዓ የሚሻ ይሂድ፤ የታዘዘለትን መድኃኒት ግን አያቋርጥ።

ውድ ተማሪዎች፣ ነገ በየጤና ጣቢያው ስትመደቡ ሁሉም መድኃኒት ላይኖራችሁ ይችላል። መጠየቅና መልሱን እስኪነገራችሁ መጠበቅ ግን በእጃችሁ ነው። ለሃምሳ አለቃ ያላደረግነው ይህንኑ ነው።