በሲዳሙ አፎ የስም መድረሻዎች



በሐዋሳ አሞራ ገደል፣ አባ ኮዳ የዓሣ ትርፍራፊ ከሚጠብቅበት ከሐይቁ ዳር ጥቂት የቆመ ሰው አማርኛና ሲዳሙ አፎ ተቀላቅለው ይሰማል። ዛሬ የምናገረው በዚህ በሁለተኛው ቋንቋ ስሞች ጫፍ ላይ ስለምትቀጠለው ትንሽ ድምፅ ነው። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ክልል ከሆነ ወዲህ ቋንቋው የክልሉ የሥራ ቋንቋ ስለ ሆነ፣ ነገሩ ለተማሪ ቤት ብቻ የሚተው አይደለም።

ከአገናዛቢው እንነሣ። «አና» አባት ማለት ነው። «አናእያ» አባቴ፣ «አናኪ» (ኪን ጠበቅ አድርጋችሁ) አባትህ ወይም አባትሽ፣ «አናሲ» አባቱ፣ «አናሴ» አባቷ፣ «አናንኬ» አባታችን፣ «አናንሳ» አባታቸው ይሆናል። እንግዲህ «ሲ»ንና «ሴ»ን አስተያዩ። ባልና ሚስት ስለ አንድ መሬት ሲከራከሩ ጸሓፊው ይህችን አንዲት አናባቢ ቢስት፣ መሬቱ በመዝገብ ላይ ባለቤት ለወጠ ማለት ነው።

ከዚህ የሚከብድም አለ። አማርኛችን ተሳቢውን በ«ን» ያመለክታል፤ ባለቤቱን ያለ ምልክት ይተወዋል። ሲዳሙ አፎ በወንድ ፆታ ስም ላይ ተቃራኒውን ያደርጋል። ሰው የሚባለው «ማንቾ» እንዲሁ ሲቀር ተሳቢ ነው፤ አድራጊ ሲሆን «ማንቹ» ይባላል። ስለዚህ «ን»ን ሲጠብቅ የኖረ ጆሮ መቺውን ከተመቺው ያደባልቃል። ዘርፍም ሲሆን መድረሻው ይለወጣል፤ «ሲዳማ» የነበረው «ሲዳሙ አፎ» የሚሆነው፣ «ሀዋሳ»ም «ሀዋሱ ቁጩማ» ማለት የሐዋሳ ከተማ የሚባለው በዚህ ነው።

እንዲህ ያለው መድረሻ የሲዳማ ብቻ አይደለም። ቱርኮች «ኤቪሚዝደን» ሲሉ «ከቤታችን» ማለታቸው ነው፤ «ኤቭ» ቤት፣ «ኢሚዝ» የእኛ፣ «ደን» ከ። እኛ «ከ»ን ከፊት እናስቀድማለን፤ እነርሱ ሁሉን ከኋላ ይደረድራሉ። ሲዳሙ አፎም ለ«ከ» እና ለ«በ» የሚሆነውን «ንኒ»ን ከስሙ በኋላ ያስከትላል። ዝምድና ግን የላቸውም፤ ሲዳሙ አፎ ከሀድይኛ፣ ከከምባትኛና ከጌዴኦኛ ጋራ የሚቈጠር ኩሻዊ ቋንቋ ነው።

አንዲት መድረሻ ሆን ብዬ ለመጨረሻ አቆይቻለሁ። «አናእኔ» አባታችሁ ማለት ሲሆን፣ ለአንድ ሰው አክብሮትም ያገለግላል፤ እንደ እኛ «አባትዎ» መሆኑ ነው። ሽማግሌ ባለጉዳይ ሲገባ «አናኪ» ብላችሁ የአባቱን ስም አትጠይቁት።