ልጆቻችን በአየር ንብረት ጽሕፈት ቤቶች ሥራ እንዲለማመዱ

(በማኅበራችን የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ በሱቅ ነጋዴ አባላት ስም የተደረገ ንግግር)



እዚህ የቆምነው ናይሮቢ ውስጥ ሱቅ ከፍተን የምንኖር አባላትን ወክለን ነው። አብዛኞቻችን ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አላለፍንም። ስለዚህ የአየር ንብረት ለውጥን ሳይንስ እናስተምራችሁ ብለን አልመጣንም። የመጣነው ገንዘብ ልንጠይቅ ነው። ከመነሻው ብንናገረው ይሻላል፤ አለበለዚያ ንግግሩ እስኪያልቅ ድረስ «መቼ ይሆን የሚጠይቁን?» እያላችሁ ኪሳችሁን ስትዳስሱ ታመሻላችሁ።

ጥያቄያችን ይኸው ነው። ዩኒቨርሲቲና ኮሌጅ ከሚማሩት ልጆቻችን መካከል በየዓመቱ ሦስቱ በካውንቲ ወይም በብሔራዊው መንግሥት የአየር ንብረት ጽሕፈት ቤት ገብተው ለሦስት ወር ሥራ ሲለማመዱ፣ የመጓጓዣና የምሳ ወጪያቸውን ማኅበሩ እንዲችልላቸው ነው። ኢንተርንሺፕ የሚባለው ነው፤ ኬንያዎች ተማሪ ሲሆን አታችመንት ይሉታል። ካውንቲና ብሔራዊ መንግሥት ስንልም በአገራችን ክልልና ፌዴራል እንደምንለው ቁጠሩት። ዓመታቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እንናገራለን፤ የዚህ አገር ሕጎች የተጻፉት በዚያው ነውና።

የአየር ንብረት ፖሊሲ ሲባል ለብዙ ሰው በጊጊሪ የተባበሩት መንግሥታት ግቢ ውስጥ ያሉ ሰዎች ጉዳይ ይመስለዋል። እኛ ግን ከባንኮኒያችን ጀርባ ቆመን አይተነዋል። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ ድረስ በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በሰሜን ኬንያና በሶማሊያ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። ቦረና ላይ ከብት አለቀ፤ ማርሳቢት ላይም አለቀ። ከመካከላችን በሞያሌ በኩል ቅቤ የሚያስመጡ ነበሩ። መጀመሪያ ቅቤው ተወደደ፣ ቀጥሎ ቅቤው ቀረ፣ በመጨረሻ ደንበኛው ቀረ። በኤፕሪልና በሜይ 2024 ደግሞ ነገሩ ተገላበጠ። ናይሮቢ በጎርፍ ተጥለቀለቀች፤ ማታሬ ላይ ሰው ሞተ፣ ቤት ፈረሰ። ኢስሊ ውስጥ የምንነግድ ሰዎች ጠዋት በሩን ስንከፍት ከታችኛው መደርደሪያ የነበረው ሽሮና በርበሬ ጭቃ ሆኖ ጠበቀን።

ከዚያ በፊትም ሌላ ነገር ነበር። ኦገስት 28 ቀን 2017 የላስቲክ ከረጢት በኬንያ ተከለከለ። ቅጣቱ እስከ 4 ሚሊዮን ሽልንግ ወይም እስከ አራት ዓመት እስራት የሚደርስ ነበር። ሕጉን አንቃወምም፤ ከተማው ጸድቷል፣ ቱቦውም ቀሎታል። ነገር ግን ማስታወቂያው ከስድስት ወር በፊት በመንግሥት ጋዜጣ በእንግሊዝኛ ወጥቶ ሳለ፣ በየሱቁ ዞሮ በአማርኛ «ይህ መጥቷልና የገዛችሁትን ጨርሱ፣ ሌላ አትግዙ» የሚል ከእኛ ወገን ማንም በዚያ ወንበር አጠገብ አልነበረም። ደንብ የሚጻፍበት ክፍል ውስጥ የእኛ ሰው አለመኖሩ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ያን ጊዜ በሽልንግ ቆጠርነው።

መብራታችንም ከፖሊሲ ውጭ አይደለም። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ሱስዋ የሚደርሰው 1,045 ኪሎ ሜትር የኤሌክትሪክ መስመር ከኖቬምበር 2022 ጀምሮ የአገራችንን የውሃ ኃይል ለኬንያ ማቅረብ ጀምሯል። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ውሉ 200 ሜጋዋት ነበር። እንዲህ ያለውን ስምምነት ቁጥሩን አስልተው፣ ቃሉን መርጠው የሚጽፉ ሰዎች አሉ። አማርኛም ስዋሂሊም የሚያውቅ ልጅ በዚህ ሥራ ውስጥ ቢገኝ ለሁለቱም አገር ይጠቅማል እንላለን።

አሁን ወደ ጽሕፈት ቤቶቹ እንግባ። ኬንያ የአየር ንብረት ለውጥ ሕግ ያወጣችው በ2016 ነው። በሕጉ መሠረት ከላይ በፕሬዚዳንቱ የሚመራ ምክር ቤት አለ፣ ከሥሩ ዳይሬክቶሬት አለ፣ በየአምስት ዓመቱም የድርጊት መርሐ ግብር ይወጣል። አሁን የሚሠራበት ከ2023 እስከ 2027 ያለው ነው። 47ቱ ካውንቲዎችም በልማት እቅዳቸው ውስጥ ይህን ጉዳይ እንዲያካትቱ ይገደዳሉ። እንዲያውም አንዳንድ ካውንቲዎች ከብሔራዊው ሕግ ቀድመዋል። ማኩኤኒ በ2015 የራሱን የአየር ንብረት ፈንድ አቋቁሞ ከልማት በጀቱ 1 በመቶ መደበለት፤ ዋጂር ደግሞ 2 በመቶ አለ። በ2021 የዓለም ባንክ የሚደግፈው ፕሮግራም ሲመጣ፣ ገንዘቡን የፈለገ ካውንቲ ሁሉ ሕግ ማውጣት፣ ፈንድ ማቋቋምና የሥራ ክፍል ማደራጀት ነበረበት። በዋርድ ደረጃ፣ እኛ ቀበሌ እንደምንለው ማለት ነው፣ ኮሚቴ ተመርጦ ሕዝቡ «ኩሬ ይቆፈርልን፣ የግጦሽ ቦታ ይከለልልን» እያለ ቅደም ተከተሉን ይወስናል። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ወደ ላይ ይሄዳል። ወረቀቱን የሚያዘጋጀው ማነው? ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ሠራተኛና እነሱን የሚያግዙ ተለማማጆች ናቸው።

ከአባላቱ ልጆች ይህን ዕድል ያገኙትን ጠይቀናቸዋል። አንዱ በካውንቲ የሠራ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ፎቶኮፒ ሲያነሣና ሻይ ሲያቀርብ ከረመ። በአራተኛው ሳምንት ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ሠራተኛ ስለታመመ እሱን ወደ ዋርድ ስብሰባ ወሰዱት። እዚያ አንዲት እናት ተነሥተው «ጉድጓዱማ አለ፤ የፓምፑ ናፍጣ ነው የሌለው» አሉ። እሱ እንደ ሰማው ጻፈው። እቅዱ ላይ ተጽፎ የነበረው ግን «አዲስ ጉድጓድ» የሚል ነበር። ልጁ ሲነግረን እየሳቀ ነው፤ እኛ ግን አልሳቅንም። የቃለ ጉባኤ አንድ መስመር የስንት ሰው ውሃ እንደሚወስን ገብቶናልና።

ሌላዋ በብሔራዊ ደረጃ የሠራች ናት። ሥራዋ ሰንጠረዥ ማመሳከር ነበር፤ የከብት ብዛት፣ የከሰል፣ የናፍጣ፣ የደን። ኬንያ በ2020 ባቀረበችው እቅድ እስከ 2030 የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀቷን፣ ምንም ባይደረግ ሊደርስ ከሚችለው በ32 በመቶ እቀንሳለሁ ብላለች። ይህ በመቶኛ የሚወጣው ከእንዲህ ካሉ ሰንጠረዦች ነው። ልጅቱ አንዱ ገጽ በቶን፣ ሌላው በሺህ ቶን ተጽፎ አግኝታ አስተካከለች። በእኛ ቋንቋ ኪሎና ኩንታል ተቀላቅሎ ማለት ነው። በሱቅ ያደገ ልጅ ይህን ቶሎ ያያል።

አንዳንድ እናቶች «ልጄ አካውንቲንግ ተምራ ለምን ዛፍ ትቆጥራለች?» ይሉናል። ዛፍ አትቆጥርም፤ ሒሳብ ትይዛለች። ካውንቲዎቹ በየዓመቱ ተገምግመው ነው ገንዘብ የሚለቀቅላቸው፤ ደረሰኝ የሚያስተካክል ሰው ይፈልጋሉ። በ2023 የተሻሻለው ሕግም ከመሬት ጋር የተያያዘ የካርቦን ሽያጭ ከሚያስገኘው ገቢ፣ ወጪው ተቀንሶ፣ ቢያንስ 40 በመቶው ለአካባቢው ሕዝብ ይሁን ይላል። ያንን 40 በመቶ አስልቶ ለባላገሩ የሚያስረዳ ሒሳብ አዋቂ ካልሆነ ማን ሊሆን ነው? በቤቱ ኦሮምኛ የሚናገር ልጅ ደግሞ ማርሳቢትና ኢሲዮሎ ላይ ያለ አስተርጓሚ ከቦረና ሽማግሌ ጋር ይቀመጣል። ይህ በገንዘብ የማይገዛ ነው።

አሁን ስለ ክፍያው። አበል የሚከፈልበት የመንግሥት ሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን ኢንተርንሺፕ ለኬንያ ዜጎች ብቻ ነው። በዚህ ቅሬታ የለንም፤ አገራቸው ነው። ዜግነት ለሌላቸው ልጆቻችን የሚቀርላቸው ትምህርት ቤታቸው በደብዳቤ የሚልካቸው፣ ብዙውን ጊዜ ክፍያ የሌለው ልምምድ ነው። ታዲያ ሦስት ወር ያለ ክፍያ ማን ይችላል? አባቱ የሚችልለት ብቻ። የቀረው ልጅ በዕረፍቱ ከሱቃችን ቆሞ ስኳር ይመዝናል። ስኳር መመዘን ነውር አይደለም፤ እኛም ያደግነው በሱ ነው። ነገር ግን ደንቡን የሚጽፈው ሁልጊዜ ያላቸው ሰዎች ልጅ ብቻ ከሆነ፣ ድርቁና ጎርፉ የሚመታቸው ሰዎች በደንቡ ውስጥ አይታዩም።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ እንኳ የሕዝብ ተወካዮቹ ቢሮዎች ለረጅም ዘመን አብዛኛውን ተለማማጅ ያለ ክፍያ ያሠሩ ነበር። ኮንግረሱ ለተለማማጆች ክፍያ ለብቻው በጀት የመደበው በ2018 ነው፤ ዋይት ሐውስ መክፈል የጀመረው ደግሞ በ2022 ነው። እዚያ የሄዱ ልጆቻችን የሚሉን ሌላም ነገር አለ፤ ከፌዴራሉ ይልቅ በክፍለ ግዛት ያለው ሥራ የረጋ ነው። የፌዴራሉ መንግሥት ከፓሪሱ ስምምነት በ2020 ወጣ፣ በ2021 ተመለሰ፣ በ2025 እንደገና እወጣለሁ አለ። ካሊፎርኒያ ግን በ2006 ባወጣችው ሕግ በ2020 ልቀቷን ወደ 1990 መጠን እመልሳለሁ ብላ በ2016 ደረሰችበት። እኛም ለልጆቻችን «መጀመሪያ ካውንቲ ግቡ» የምንለው ለዚህ ነው። ብሔራዊው ቢሮ ወንበሩ ያምራል፤ ሥራው የሚታየው ግን ታች ነው።

ወጪውን እንደ ነጋዴ አስልተናል። ለአንድ ልጅ በቀን ለማታቱ 200፣ ለምሳ 250፣ ለስልክ 50፣ በድምሩ 500 ሽልንግ። በሦስት ወር 65 የሥራ ቀን ቢሆን 32,500 ሽልንግ። ለሦስት ልጆች 97,500 ሽልንግ።

ባለፈው ስብሰባ ይህን ስናቀርብ አንድ በጣም የምናከብራቸው አባት ተነሥተው «ልጆቼ፣ ይህ ሣጥን የተቋቋመው ሬሳ አገሩ እንዲገባ፣ የታመመ እንዲታከም ነው። ፎቶኮፒ ለሚያነሣ ልጅ ምሳ እንግዛ ነው የምትሉት?» አሉ። አዳራሹም አጨበጨበላቸው። እኛም ብንሆን ሬሳ ወደ አገር ለመላክ ስንት ሌሊት በየቤቱ እንደዞርን አንረሳውም። ስለዚህ ያ ሣጥን አይነካ። የምንጠይቀው ከዚህ በዓል መግቢያና ከዚህ መጽሔት ማስታወቂያ ከሚተርፈው ነው። ካልበቃ ግማሹን እኛ ባለ ሱቆቹ እናዋጣለን፤ ስማችን በዝርዝር ለገንዘብ ያዡ ተሰጥቷል።

አንድ ነገር ብቻ እንጨምር። በ2011 አገራችን ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ የሚል ስትራቴጂ አወጣች። በሴፕቴምበር 2025 ሁለተኛው የአፍሪካ የአየር ንብረት ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ተካሄደ፤ የመጀመሪያው እዚሁ ናይሮቢ በ2023 ነበር። በ2027 ደግሞ 32ኛውን የዓለም ጉባኤ አዲስ አበባ እንድታስተናግድ በኖቬምበር 2025 ብራዚል ላይ ተወስኗል። በፌዴራልም በክልልም ሰው ይፈለጋል። እዚህ የዋርድ ኮሚቴ አሠራርን ያየ ልጅ አገሩ ሲገባ ባዶ እጁን አይገባም።

የምርጫ ኮሚቴው አምስት ሰው እንዲሆን ሐሳብ አለን፤ ሁለቱ እናቶች ይሁኑ፣ የአመልካች ዘመድ ከኮሚቴው ይውጣ። ልጁ ሲጨርስ በአማርኛ ሁለት ገጽ ጽፎ በማኅበሩ ሰሌዳ ላይ ይለጥፍ፤ ምን ደንብ እየመጣ እንደሆነ እኛም እንድናነብ። ማመልከቻ ከጸሐፊው ዘንድ ይገኛል። የትምህርት ቤት ደብዳቤ፣ የመኖሪያ ወረቀትና የአደጋ መድን ያልተሟላለት ልጅ አስቀድሞ ለጸሐፊው ይንገር፤ ወረቀት የማስጨረሱን ነገር የለመዱ አባላት አሉን። ድምፅ የሚሰጠው ከቡና በኋላ ስለሆነ እባካችሁ ቶሎ አትሂዱ።