የዓይን ሌንስ የሚሠሩት የገጠር ልጆች

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በስፌት ክፍሉ ኃላፊ የቀረበ ንግግር)



ኮሚቴው «ስለ ጥሩ አመራርና ስለ ሠራተኛ አንድ ነገር ተናገሪ» ሲለኝ ደንግጬ ነበር። እኔ መርፌና መቀስ እንጂ ማይክ አልለመድኩም። እሺ ያልኩት ግን ሁለት የምነግራችሁ ነገሮች ስላሉኝ ነው። አንደኛው ደቡብ ሕንድ ውስጥ ስላለ አንድ የሕክምና ዕቃ አምራች ድርጅት ነው። ሁለተኛው እኔ ራሴ ባለፈው ዓመት ስላጠፋሁት ጥፋት ነው። ሁለቱም ዛሬ ከሰዓት በኋላ ድምፅ የምንሰጥበትን ጉዳይ ይነካሉ።

ከአያቴ ልጀምር። አያቴ ሁለቱም ዓይኖቿ በሞራ ተጋርደው ነበር። ያን ጊዜ ሞራው በቀዶ ሕክምና ወጣላት፣ በቦታው ግን የተተካ ነገር አልነበረም። የተፈጥሮ ሌንሷ ከሞራው ጋር ስለወጣ ውፍረቱ የጠርሙስ መቀመጫ የሚያህል መነጽር ሰጧት። መነጽሩን ስታደርግ ደረጃው ቀርቦ ይታያታል፣ ጎንና ጎኑ ግን አይታያትም። አንድ ቀን ወንዝ ወርዳ ስትመለስ ወደቀችና መነጽሩ ተሰበረ። ሌላ የሚገዛላት አልተገኘም። ከዚያ በኋላ እስክትሞት ድረስ ሰባት ዓመት በሰው እጅ ተመርታ ኖረች። ሐኪሙ ሥራውን ሠርቷል፣ ያሳወራት የመነጽር መሰበር ነው።

እናቴም በተራዋ ያው ሞራ ያዛት። እሷን ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት አሳከምናት። በማግስቱ ጠዋት ፋሻው ሲነሳላት ትኩር ብላ አየችኝና «አንቺ! ፀጉርሽ እኮ ሸብቷል!» አለችኝ። ዋርዱ ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን አለቀስኩ። በአያቴና በእናቴ መካከል ያለው ልዩነት ዓይን ውስጥ የገባችው ከሽምብራ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ አንዲት ሌንስ ናት። ነርሷን ስለዚህች ሌንስ ስጠይቃት «ድሮ ለድሃ የሚደርስ አልነበረም፣ ዋጋውን ያወረዱት ሕንዶች ናቸው» ብላ አውሮላብ የሚባል ድርጅት ስም ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ እነሱ ያገኘሁትን ሁሉ አነብባለሁ።

ነገሩ የእኛም ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው የአገራችን የዓይን ጤና ጥናት ከመቶ ሰዎች 1.6ቱ ዓይነ ስውራን ሲሆኑ፣ ከእነዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉን ያሳወራቸው ይኸው የሞራ ግርዶሽ ነው። በአንድ ቀን ቀዶ ሕክምና የሚድን በሽታ ማለት ነው። በየቤታችን «እርጅና ነው» እያልን ጥግ ያስቀመጥናቸው እናቶች ብዙ ናቸው።

ሰው ሠራሽ ሌንስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ዓይን ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1949 ለንደን ውስጥ ነው። ሃሮልድ ሪድሊ የሚባሉ ሐኪም በጦርነቱ ጊዜ የአውሮፕላን መስኮት ፕላስቲክ ስባሪ ዓይናቸው ውስጥ የቀረባቸውን አብራሪዎች ሲያዩ፣ ዓይኑ ያንን ፕላስቲክ እንደ ባዕድ አለመቆጣቱን አስተዋሉ። ሐሳቡ ከዚያ መጣ። ነገር ግን ከዚያ በኋላ አርባ ዓመት አልፎም አንዷ ሌንስ ከ100 ዶላር በላይ ትሸጥ ነበር። ያን ጊዜ ብዙ ባለሙያዎች «ለድሃ አገር ይህ ቅንጦት ነው፣ ወፍራሙ መነጽር ይበቃቸዋል» ይሉ ነበር። የአያቴ መነጽር ከየት እንደመጣ አሁን ገባችሁ።

ይህን አልቀበልም ካሉት አንዱ ዶክተር ጎቪንዳፓ ቬንካታስዋሚ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1918 በታሚል ናዱ ግዛት ገጠር የተወለዱ ሰው ናቸው። ልጅ ሳሉ ሦስት የአጎት ልጆቻቸው በወሊድ ምክንያት ሞቱባቸው፣ ሐኪም እሆናለሁ ያሉትም በዚህ ነው። ሐኪም ሆኑም። ይሁንና በወጣትነታቸው ከባድ የመገጣጠሚያ በሽታ ያዛቸውና ጣቶቻቸው ተጣመሙ። ማዋለድ ስለማይችሉ ወደ ዓይን ሕክምና ዞሩ። በተጣመሙት ጣቶች ምላጭ መያዝ እንደገና ተማሩ። በነዚያ ጣቶች ከመቶ ሺህ በላይ ቀዶ ሕክምና አድርገዋል።

በ58 ዓመታቸው ጡረታ ሲወጡ፣ እ.ኤ.አ. በ1976፣ ማዱራይ ከተማ ውስጥ አራቪንድ የተባለ 11 አልጋ ያለው የዓይን ሆስፒታል ከፈቱ። ገንዘብ አልነበራቸውም። ቤታቸውን አስያዙ፣ ቤተሰቡም ወርቁን አስያዘ። እህታቸው ዶክተር ናቺያር የዓይን ሐኪም ናቸውና ከባለቤታቸው ከዶክተር ናምፔሩማልሳሚ ጋር አብረው ገቡበት። ወንድማቸው ሽሪኒቫሳን ሒሳቡንና ግንባታውን ያዙ። ደንባቸው ቀላል ነበር፤ የሚችል ይክፈል፣ የማይችል በነፃ ይታከም፣ ከከፋዩ የሚገኘው ትርፍ የማይከፍለውን ይሸፍን።

ሆኖም ሌንስ ከየት ይምጣ? መጀመሪያ ላይ ለድሆቹ ከውጭ በስጦታ የሚመጣ ነበር። ስጦታ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ሲመጣ ይመጣል፣ ሲቀር ይቀራል። ሴቫ ከሚባለው የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት ጋር የሚሠራ ዴቪድ ግሪን የሚባል ሰው የማምረቻው ዕውቀትና መሣሪያ ወደ ማዱራይ እንዲመጣ ተሯሯጠ። እ.ኤ.አ. በ1992 አውሮላብ ተቋቋመ። የምሕንድስና ባለሙያው ዶክተር ባላክሪሽናን በኃላፊነት መሩት። ከመቶ ዶላር በላይ ትሸጥ የነበረችው ሌንስ ወደ አሥር ዶላር ገደማ ወረደች፣ በኋላም ከዚያ በታች። ከዓመታት በኋላ ደግሞ የቀዶ ሕክምና ስፌት ክርና የዓይን መድኃኒት ማምረት ጀመሩ። ዛሬ ዕቃቸው ከመቶ በላይ አገሮች ይደርሳል። ድርጅቱ ለባለ አክሲዮን ትርፍ የሚያከፋፍል አይደለም። የሚተርፈው ተመልሶ ሥራው ላይ ይውላል።

እስካሁን ስለ መሪዎቹ ነገርኳችሁ። አሁን ግን ሌንሷን በእጃቸው ወደሚሠሩት ልውሰዳችሁ፤ እኔን የያዘኝ የእነሱ ነገር ነው። ከአውሮላብ ሠራተኞች አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። የምሕንድስና ዲግሪ የላቸውም። ሁለተኛ ደረጃ ጨርሰው፣ ቤት ተቀምጠው ባል ይጠብቁ የነበሩ የገበሬ ልጆች ናቸው። ድርጅቱ ወስዶ ራሱ ያሠለጥናቸዋል። ሆስፒታሉም እንዲሁ ነው። በአሥራ ሰባትና በአሥራ ስምንት ዓመታቸው ከየመንደሩ ተመልምለው ሁለት ዓመት ሠልጥነው ሐኪሙን የሚያግዙት ልጆች የሆስፒታሉ የጀርባ አጥንት ናቸው። እነሱ በሽተኛውን አዘጋጅተው ስለሚጠብቁት ሐኪሙ ከአንድ አልጋ ወደ ቀጣዩ ብቻ ይዞራል፣ በዓመትም ወደ 2,000 ሰው ዓይን ያክማል። ይህን የልጆቹን ሥልጠና በዋነኛነት የመሩት ቅድም የጠቀስኳቸው እህትየው ዶክተር ናቺያር ናቸው።

ሌንሷ እንዴት እንደምትሠራ ባጭሩ ልንገራችሁ፤ እኛም የእጅ ሥራ ሠራተኞች ነንና። ፕላስቲኩ በረቀቀ ቶርኖ ይቆረጣል። ሌንሷን ዓይን ውስጥ የሚይዟት እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሁለት እግሮች ይወጡላታል። ትለሰልሳለች፣ ትታጠባለች። ከዚያም ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር በንጹሕ ልብስ የተሸፈነች ልጅ፣ አቧራ በማይገባበት ክፍል ውስጥ፣ በማይክሮስኮፕ አንድ በአንድ ታያታለች። ጭረት ካለባት ትጣላለች፣ ጠርዟ ሸካራ ከሆነ ትጣላለች። ያለፈችው ታሽጋ ከጀርም ትጸዳለች።

እህቶቼ፣ እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ጋቢ ቢበላሽ ይተረተራል። በርበሬ ቢበላሽ ይደፋል። ዓይን ውስጥ የገባ ሌንስ ግን «ይቅርታ፣ መልሱልን» አይባልም። «ለድሃ ስለሆነ በርካሽ ነው የሠራነው» ማለትም አይቻልም። እነዚህ ሰዎች ዋጋውን ሲያወርዱ የቁጥጥሩን ደረጃ አላወረዱም። ያም ደረጃ የቆመው በማይክሮስኮፑ ፊት በተቀመጠችው የገበሬ ልጅ ላይ ነው። የምታየውን ለመናገር ከፈራች ድርጅቱ በሙሉ ውሸት ይሆናል።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ ለአንድ የጤና ተቋም 180 ጋዋን ልንሰፋ መዋዋላችንን ታስታውሳላችሁ። ርክክቡ ዓርብ ነበር። ሐሙስ ማታ ከእኛ ጋር ሰባት ወር ብቻ የሠራች ልጅ አንዱን ጋዋን ይዛ መጣች። ትከሻው ላይ ይዛ ሳብ ስታደርገው ስፌቱ ተከፈተ። «እትዬ፣ የአንዱ መኪና ክር ላልቶ ነው የሰፋው። በዚያ መኪና የተሰፋውን ሁሉ ብንደግመውስ?» አለችኝ። እኔም ደክሞኝ ነበር፣ ደግሞም ፈርቼ ነበር። «አንቺ የያዝሽውን ጨርሺ፣ ይህን እኔ አውቃለሁ» አልኳት። ዝም ብላ ተመለሰች።

ዓርብ አስረከብን። በሁለት ሳምንት ውስጥ 61 ጋዋን ተመለሰብን። ውሉም በዚያው ቀረ። የዓመቱ ትርፍ ክፍፍል ያነሰው በዚህ ነው። ከናንተ መካከል የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ በዚያ ገንዘብ ልትከፍል ያሰበች፣ ያላገኘችም አለች። በስብሰባው ላይ ስጠየቅ ምን አልኩ? «የገዛነው ክር ጥራት የለውም» አልኩ። ቃለ ጉባኤው ላይ እንዲህ ተጽፏል። ክሩ ግን ምንም አልነበረበትም። ያቺ ልጅም እዚያው ተቀምጣ ነበር። አንገቷን ደፍታ አንድ ቃል አልተናገረችም። እኔን ከማሳፈር ዝምታን መረጠች።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ቅጠሉን ይዛ መጥታ ነበር፣ እኔ ነኝ የመለስኳት። ስለዚህ ዛሬ በሁላችሁ ፊት፣ ከኋላ የተቀመጥሽው ልጄ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ቃለ ጉባኤውም እንዲታረም እጠይቃለሁ።

ስለ አውሮላብ ማንበቤን ስቀጥል ያሳፈረኝ የእነሱ ትልቅነት አይደለም። እነሱ ቤተሰብ ነበራቸው፣ የተማሩ ሐኪሞች ነበሯቸው፣ ከውጭ ዕውቀትና መሣሪያ የሚያመጣላቸው ሰው ነበራቸው። እኛ ያለን ዘጠኝ የስፌት መኪናና አንድ የተከራየነው ክፍል ነው። ሥራቸውም ቀላል አይደለም። ሥርዓቱ ጥብቅ ነው፣ ቀኑም ረጅም ነው። እንደነሱ እንሁን ብዬ አልቀልድም። ያሳፈረኝ ግን ምንም ገንዘብ የማይጠይቀው ነገር ነው። እነሱ የገጠር ልጅ ዓይን ላይ ተማምነው የሰው ዓይን ሰጧት፣ እኔ የትከሻ ስፌት እንኳ ላምናት አልቻልኩም።

አሁን ወደ ድምፁ። የቀረቡት ሐሳቦች ሁለት ናቸው። አንዱ በቁጠባችን ልምድ ያላቸው ሁለት ሰፊዎች እንቅጠር የሚል ነው። ሌላው በየሠፈራችን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰው ነጥብ ያልመጣላቸውን ስድስት ልጆች ወስደን፣ የትራንስፖርትና የምሳ እየከፈልን ስድስት ወር እናሠልጥን የሚል ነው። የመጀመሪያው ቶሎ ገቢ ያመጣል፣ አልክድም። ሁለተኛው ለስድስት ወር ኪሳችንን ይጎዳል። ግን እነዚያ ልጆች ዛሬ ምን እያሰቡ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ደላላው ከእኛ ቀድሞ ቤታቸውን አንኳኩቷል። እኔ ድምፄን ለስድስቱ እሰጣለሁ።

ከዚህ ጋር አንድ ሐሳብ እጨምራለሁ። ከስፌት ክፍሉ ተለይቶ አንድ የቁጥጥር ጠረጴዛ ይኑር። እዚያ የምትቀመጠው ሴት «አይወጣም» ያለችው ዕቃ አይውጣ። ኃላፊዋ ብትቸኩል፣ ደንበኛው ቢደውል፣ ዓርብም ቢሆን አይውጣ። እኔም ብሆን ላዛት አልችል። ይህ በመተዳደሪያ ደንባችን ይጻፍ። ለዚያ ጠረጴዛ የመጀመሪያዋ ተቆጣጣሪ ማን እንድትሆን እንደምፈልግ ገምታችኋል። እሺ ካለች።

እናቴ ዛሬ ጠዋት ከቤት ስወጣ ነጠላዬ ላይ የነበረ ጉድፍ በሁለት ጣቷ አንስታ ጣለችልኝ። አራት ዓመት ሙሉ ያላየችውን ጉድፍ። ያንን ያስቻላት አንዲት የማናውቃት ልጅ በማይክሮስኮፕ አይታ «ይህቺ ታልፋለች» ያለችው ሌንስ ነው። ከእኛም እጅ የሚወጣውን የሚለብስ ሰው እንደዚያ እንዲያምነን እመኛለሁ።