ቅጠላ ቅጠልና ሥራ ሥር በሰው ፊት ለሚፈራ ሰው ምን ያህል ይረዳል?

(በ12ኛ ክፍል ተማሪ ለተማሪዎችና ለወላጆች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው በየክፍሉ ስለሚገኝ፣ ነገር ግን ስሙ ስለማይነሣ አንድ ችግር ነው። መልሱን እያወቀ እጁን የማያነሣ፣ ስሙ ሲጠራ ላብ የሚያጠምቀው፣ በቃል ፈተና ጊዜ ያጠናው ሁሉ የሚጠፋበት ተማሪ ከመካከላችን አለ። በአገራችን ይህ ጠባይ ብዙ ጊዜ ጨዋነት ይባላል። እርግጥ ነው፣ ዕፍረት መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ሰውን ከትምህርቱ፣ ከሥራውና ከወዳጆቹ የሚለየው ፍርሃት ከጨዋነት የተለየ ነገር ነው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980 ዓ.ም. ይህን ፍርሃት ራሱን እንደ ቻለ ሕመም አድርጎ በመዝገቡ አስፍሮታል።

ለዚህ ፍርሃት ይረዳሉ እየተባሉ የሚመከሩ ቅጠሎችና ሥሮች ብዙ ናቸው። አንዱ ተማሪም ለሌላው «ይህን ጠጣ፤ ያንን ዋጥ» ይለዋል። ስለዚህ እውነቱን ከወሬው ለይተን ማወቅ ይገባናል።

አስቀድመን የፍርሃትን አሠራር እንመልከት። ሰው ሲፈራ ከኩላሊቶቹ በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊን የሚባለውን ንጥረ ነገር ወደ ደም ይለቃሉ። ከዚህም የተነሣ ልብ ይመታል፣ አፍ ይደርቃል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። ፈሪው ይህን ሁሉ ሰው ያየበት ስለሚመስለው ፍርሃቱ ይብስበታል።

እንግዲህ ወደ ቅጠሎቹ እንምጣ። በሻይ ቅጠል ውስጥ ቲያኒን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ የጃፓን ሊቃውንት ያገኙት በ1949 እ.ኤ.አ. ነው። በአንዳንድ ምርመራዎች 200 ሚሊግራም የወሰዱ ሰዎች እንቅልፍ ሳይጫናቸው ጥቂት መረጋጋት አግኝተዋል። ነገር ግን በአንድ ሲኒ ሻይ ውስጥ ያለው ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው።

ሁለተኛው እንደ ሻይ ተፈልቶ የሚጠጣው የካሞሚል አበባ ነው። የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች 57 ሕሙማንን ለ8 ሳምንት መርምረው በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ፣ የካሞሚል ኪኒን የወሰዱት ሰዎች ጭንቀት መድኃኒት የሌለበት ኪኒን ከወሰዱት ይልቅ በመጠኑ እንደ ቀነሰ ገልጸዋል። ይሁን እንጂ የእነዚህ ሕሙማን ጭንቀት በነገር ሁሉ ነበረ እንጂ በሰው ፊት ብቻ አልነበረም።

ሦስተኛው በእኛም አገር የሚበቅለው ጊዜዋ የሚባለው ተክል ነው። ሕንዶች አሽዋጋንዳ ብለው ሥሩን ከጥንት ጀምሮ ለመድኃኒት ያውሉታል። አንዳንድ ምርመራዎች ጭንቀትን እንደሚቀንስ ያመለክታሉ፤ ነገር ግን ወስደውት ጉበታቸው የታመመ ሰዎች አሉ፤ የዴንማርክ መንግሥትም በ2023 እ.ኤ.አ. ከልክሎታል። ስለዚህ ከሜዳ ነቅሎ፣ ቀቅሎ መጠጣት ብልህነት አይደለም። ኮሶም ከዛፍ የተገኘ ነው፤ መጠኑን ያበዛ ሰው ምን እንደሚደርስበት አያቶቻችን ያውቃሉ።

ከሚጨመረው ይልቅ የሚቀነሰው የሚጠቅምበት ጊዜም አለ። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ልብን ያስመታል፤ እጅንም ያንቀጠቅጣል። ከፈተና በፊት አቦል፣ ቶናና በረካ የጠጣ ፈሪ ተማሪ የቡናውን ሥራ ከፍርሃቱ ሊለየው አይችልም። ጫት ለጥቂት ሰዓት ምላስን ይፈታል፤ ሲለቅ ግን ድብርትንና እንቅልፍ ማጣትን ያተርፋል። ጠላና አረቄም ድፍረትን በአራጣ የሚያበድሩ ናቸው።

ታዲያ ዋናው መድኃኒት ምንድን ነው? ሙሴ ወደ ፈርዖን እንዲሄድ በታዘዘ ጊዜ መናገር አልችልም ብሎ ፈርቶ ነበር። እግዚአብሔር ግን የሚታኘክ ሥር አልሰጠውም፤ ወንድሙን አሮንን አብሮት እንዲቆም ሰጠው እንጂ። የዛሬ ሐኪሞችም ከዚህ የራቀ ምክር የላቸውም። ፍርሃት ሲሸሹት ያድጋል፤ በጥቂት በጥቂቱ ሲጋፈጡት ያንሳል። ዛሬ ለአንድ ጓደኛ ጮክ ብሎ ማንበብ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ለአምስት፣ ከዚያም በክፍል ፊት መቆም ነው። ፍርሃቱ የበረታበት ግን ያለ ዕፍረት ወደ ሐኪም ይሂድ፤ ሐኪም ያዘዘለትንም መድኃኒት ሳይጠይቅ ከቅጠል ጋር አይቀላቅል።

ስለዚህ ወላጆቻችን ሆይ፣ እንግዳ ሲመጣ ልጁን ወደ ጓዳ ከመስደድ ይልቅ ቀርቦ እንዲናገር ፍቀዱለት። መምህሮቻችን ሆይ፣ የሚፈራውን ተማሪ በድንገት ከማስነሣት በፊት የሚዘጋጅበትን ጊዜ ስጡት። ጓደኞቼ ሆይ፣ የሚንተባተበው ሲናገር አንሳቅ፤ አንድ የክፍል ሳቅ የአንድ ዓመት ድፍረት ያጠፋልና።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። የሚፈራው ፍርሃቱን ይንገረን፤ እኛም አሮን እንሁነው። ሻዩንም አብረን እንጠጣለን።