ለንግድ የሚጻፍ ቃል ከየት ይገኛል?

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የዕድሩ ኮሚቴ ስለ ንግድ ጽሑፍ አጠር ያለ ንግግር እንዳደርግ በጠየቀኝ መሠረት ጥቂት ሐሳብ ይዤ ቀርቤአለሁ። «ዕድርንና የንግድ ጽሑፍን ምን አገናኛቸው?» የሚል ይኖር ይሆናል፤ እሱን ወደ መጨረሻው እናየዋለን።

ብዙዎቻችን ማስታወቂያ ወይም ደብዳቤ ጻፉ ስንባል ብዕር ይዘን ጣራ ጣራ እናያለን፤ «ሐሳብ አልመጣልኝም» እንላለን። ይኸው ሰው ገበያ ላይ ስለ ሰሊጡ ሲጠየቅ ግን አንደበቱ አይያዝም። ለምን ቢሉ፣ ገበያ ላይ ጠያቂ ስላለ ነው። እንግዲህ የንግድ ጽሑፍ ምንጩ የገዢው ጥያቄ ነው። ገዢዎች የሚጠይቋችሁን ለአንድ ሳምንት በደብተር መዝግቡት፦ የየት አገር ሰሊጥ ነው? የዘንድሮ ነው የአምና? ተበጥሯል? ስንት ኪሎ ነው? ዋጋውስ? የት ይረከባል? ከዚያ በኋላ የሚቀረው መልሱን በቅደም ተከተል ማስፈር ብቻ ነው።

«እጅግ ምርጥ፣ ተወዳዳሪ የሌለው ሰሊጥ አለን» ቢባል ገዢው ምን ያውቃል? ጎረቤትም እንዲሁ ብሎ ጽፏላ! «በዘንድሮው መኸር የተሰበሰበ፣ የተበጠረ ነጭ ሰሊጥ፣ 50 ኩንታል፣ ገንዳ ውሃ ላይ የሚረከብ» ቢባል ግን ሰውዬው ጎንደር ተቀምጦ መወሰን ይችላል። ለሰሊጥ አጨዳ ሠራተኛ ስንጠራም እንዲሁ ነው። ከሩቅ አገር የሚመጣው ወጣት ማወቅ የሚፈልገው የቀን ሒሳቡን፣ ምግቡን፣ ማደሪያውንና የሥራውን ዘመን ነው።

በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። እዚያ የሚገበያይ ምርት ናሙናው ተመርምሮ፣ ደረጃው ተወስኖ፣ ተመዝኖ መጋዘን ይገባል። አዲስ አበባ ያለው ገዢ እህሉን በእጁ ሳይዘግን ይገዛል። የሚያምነው የተጻፈውን ዓይነት፣ ደረጃና ክብደት ነው።

ሩቅም መሄድ አያስፈልግም፤ የዕድር ጥሩምባ ነፊን አስታውሱ። ማን እንዳረፈ፣ ቀብሩ የት እንደሆነና በስንት ሰዓት እንደሚፈጸም ይናገራል፤ ሌላ አይጨምርም። የሰማው ሁሉ ግን በሰዓቱ ይገኛል። ማስታወቂያችንም እንደዚያ ቢሆን መልካም ነው።

እኛ የድንበር አካባቢ ሰዎች ደግሞ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያሻናል። ከገላባት ወዲያ ካለ ነጋዴ ጋር ስንጻጻፍ አንዱ ቃል ሁለት ትርጉም ሊያመጣ ይችላል። የእኛ ኩንታል 100 ኪሎ ግራም ነው፤ በሱዳን በልማድ ቀንጣር የሚባለው 100 ረጥል፣ ማለት ወደ 45 ኪሎ ግራም ሲሆን፣ የጥጡ ቀንጣር ከዚህ በብዙ ይበልጣል። ስለዚህ ኪሎውን መጻፍ ነው የሚበጀው። ቀኑም እንደዚሁ ነው፤ የእኛ ጥር 10 በእነሱ አቆጣጠር ጃንዋሪ 18 ወይም 19 ላይ ይውላል። ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን ብንጽፍ ምን ይጎዳናል? ሰዓትም ሲሆን «ከጧቱ 2 ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ማለት ከጭቅጭቅ ያድናል።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ ስለ ጉዳዩ ምንም ለማያውቅ ሰው ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡለት። «ምን ማለት ነው?» ብሎ ያቋረጣችሁ ቦታ መታረም ያለበት ቦታ ነው። እናንተ ራሳችሁ ሲያነቡት ትንፋሽ የሚያሳጣችሁን ዓረፍተ ነገር ደግሞ ለሁለት ክፈሉት።

አሁን ወደ ዕድራችን ልመለስ። አንድ ነጋዴ ሲያርፍ፣ ሰልስቱ አልፎ ድንኳኑ ሲነሣ፣ ቤተሰቡ የዱቤ ደብተሩን ይከፍታል። «ለዚያ ሰውዬ 20፣ ቀሪ ግማሽ» የሚል ጽሑፍ ቢያገኙ ምን ያደርጉታል? 20 ምኑ? ኩንታል ነው ወይስ ሺህ ብር? ሰውዬውስ ማነው? ጽሑፉ የገባው ሟቹ ብቻ ነበር። ባለዕዳው ቢክድ ሚስትና ልጆች ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ።

ሕጉም ይህን ያጠብቀዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2472፣ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በሰው ምስክር ብቻ እንዲረጋገጥ አይፈቅድም፤ ጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት የተሰጠ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ይጠይቃል። በቁጥር 1727 ደግሞ፣ በጽሑፍ መደረግ ያለበት ውል በተዋዋዮቹና በሁለት ምስክሮች እንዲፈረም ያዝዛል። ስለሆነም የባለዕዳውን ሙሉ ስም ከነአያቱ፣ የዕቃውን ዓይነትና ክብደት፣ የተከፈለውንና የቀረውን ገንዘብ በአኃዝም በፊደልም፣ የመክፈያውን ቀን ከነዓመተ ምሕረቱ ጽፈን ማስፈረም ይገባናል።

አባቶች «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህ ነው። ዕድራችን ቀብሩን ያስፈጽማል፤ ለቀስተኛውን ያስተናግዳል፤ የሟቹን ደብተር ግን ሊተረጉምለት አይችልም። ዛሬ ማታ ሁላችንም ቤት ስንገባ ደብተራችንን ገልጠን፣ እኛ ባንኖር የቤታችን ሰው ሊረዳው ይችል እንደሆነ እንየው።